እናቴ ካናዳ ልትሄድ ነው፤ የኢንሹራንሱ ፎርም ላይ ስኳሯንና ግፊቷን እንጻፍ ወይስ እንተወው?

የቧንቧ ውኃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ወላጅ ወደ ውጭ ልካችሁ የምታውቁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እህቴ ቶሮንቶ ናት፤ በቅርቡ ወልዳለች። እናቴ ሄዳ እንድታርሳት ሱፐር ቪዛ የሚሉትን፣ ወላጅ ልጁ ዘንድ ረጅም ጊዜ የሚቆይበትን የካናዳ ቪዛ፣ እያስጨረሰችላት ነው። ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የሕክምና ኢንሹራንስ ነው። እናቴ ደግሞ ስኳርም ግፊትም አለባት። ለሁለቱም ኪኒን ትወስዳለች፤ ክትትሏንም አታቋርጥም። አምና ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል አድራ ነበር። ስኳሯ ወርዶ ነው ተባልን።

ያስጨነቀኝ ፎርሙ ነው። ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? መጠኑ በቅርቡ ተቀይሯል? እያለ ይቀጥላል። ጉዳዩን የሚያስጨርስልን ሰው በስልክ "ምንም የለባትም በሉ፤ ከጻፋችሁ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ቪዛውም ይበላሻል" አለን። እናቴም ይህን ሰምታ "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ምን ጻፍ ጻፍ ያሰኝሃል" ትለኛለች። እህቴ ገንዘቡ ከብዷት ከሰውየው ጋር ልትስማማ ምንም አልቀራት። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ከጻፍን ምን ይመጣል? ካልጻፍንስ?

ሐይቅ ዳር (ቨርጂንያ)

ወንድሜ የቧንቧ ውኃ ልጅ፣ ጻፉ። አንዲት ነገር ሳታስቀሩ ጻፉ። ለምን እንደምልህ ልንገርህ።

አባቴ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። የተሁለደሬ ገበሬ ነው፣ ጠንካራ ሰው። ግፊቱን ከበሽታ አይቆጥረውም ነበር። ሲሻለው ኪኒኑን ይተወዋል፣ ራሱን ሲያመው ይመለስበታል። ኢንሹራንሱን የሸጠልን ደላላ ፎርሙን ራሱ ሞላው። አባቴን አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። የመጣልን የክፍያ ማረጋገጫና አንድ ካርድ ብቻ ነው።

አንድ ሌሊት ደረቱን ያዘው። አምቡላንስ ጠራን። የልብ የደም ሥር ተዘግቶ ነበር፤ በቱቦ ገብተው ከፈቱለት። ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና ተርፎ ወጣ። ከዚያ ሒሳቡ መምጣት ጀመረ። አንድ ሒሳብ እንዳይመስልህ። ሆስፒታሉ ለብቻው፣ የልብ ሐኪሙ ለብቻው፣ አምቡላንሱ ለብቻው፣ ላብራቶሪው ለብቻው ይልካል።

ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት አገር ቤት የታከመበትን መዝገብ አምጡ አለን። ወንድሜ ሐይቅ ከሚገኘው ክሊኒክ የካርዱን ፎቶ አንስቶ ላከልን። ካርዱ ጠርዙ ተበልቷል፤ ጽሑፉ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞነጫጨረ ነው። መሃሉ ላይ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ጽፎ ነበር፤ የታወቀ የደም ግፊት ታማሚ ነው፣ መድኃኒቱን ያቋርጣል የምትል። ኩባንያው ያቺን መስመር መዘዘ። ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ነው፣ ፎርሙ ላይ ግን "የለም" ተብሏል ብሎ ጻፈልን። አንድ ዶላር አልከፈለም።

እዚህ አገር ድንገተኛ ክፍል የገባን ሰው ገንዘብ የለህም ብለው አይመልሱትም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ አለ፤ መርምረው ከአደጋ ማውጣት ግዴታቸው ነው። ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሒሳቡ ቤት ድረስ ይከተላል። እኛን የረዳን ሌላ ነገር ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የሚሆን የዕርዳታ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። ማመልከቻውን ጠይቀን ሞላን። የአባቴን ገቢ የሚያሳይ የቀበሌ ደብዳቤ አስተርጉመን አያያዝን። እያንዳንዷ ነገር የተዘረዘረችበትን ሒሳብም አስወጣን። ሆስፒታሉ አብዛኛውን ሰረዘልን። የሐኪሞቹንና የአምቡላንሱን ግን ዛሬም በየወሩ እየከፈልን ነው።

ከሚሴው (ከሚሴ)

እህት ሐይቅ ዳር፣ ለአባትሽ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ። ከልቤ ነው።

ግን እኔ ይህ የኢንሹራንስ ነገር አይዋጥልኝም። ሰው ሳይታመም በፊት ስለ ሕመሙ ይከፍላል? ሲታመም ደግሞ ምክንያት ፈልገው አንከፍልም ይላሉ። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ እናትየው እጅ ላይ ቢቀመጥ፣ ገሚሱም ሰደቃ ቢሆን አይሻልም? ቀን የደረሰ ሰው በወረቀት አይድንም።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ከሚሴው፣ ቀን የደረሰን የሚያቆም የለም፤ እሱ ላይ አንለያይም። ነገር ግን ነቢዩም ግመልህን እሰር ከዚያ ተመካ ነው ያሉት። ዑምራ የሚሄዱ እናቶቻችን እንኳ ቪዛቸው ውስጥ ኢንሹራንስ ተካቶ ነው የሚሄዱት። ሳዑዲ ራሷ ያለዚያ አታስገባም።

ለካናዳ ቪዛ ደግሞ ግዴታ ስለሆነ መግዛቱ አይቀርም። ጥያቄው የተከፈለበት ነገር በችግር ቀን ይሠራል ወይ ነው።

የቧንቧ ውኃ ልጅ፣ እናትህ አምና የወደቁት ስኳራቸው ወርዶ ከሆነ ያ ነገር የግድ መጻፍ አለበት። ሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አለ። እዚያ ሄደው ቢደግማቸው ኩባንያው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማነው ለሐኪም ነበር፤ እዚህም ያው ነው።

ቀጠሮ ይዘህ ከሐኪማቸው አጭር የሕክምና ማጠቃለያ አጽፍ። የሕመሙ ስም፣ የተጀመረበት ዓመት፣ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የመጨረሻው የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ውጤት፣ የግፊት ልኬት፣ አምና የተኙበት ምክንያት። መድኃኒቱን በሳጥኑ ላይ ባለው የንግድ ስም ሳይሆን በዋናው ስም ያስፍርልህ፤ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል እንደሚባለው። የኛ አገር የንግድ ስም እዚያ ላይታወቅ ይችላል። ማኅተም ይኑረው። ፎርሙን ከዚያ ወረቀት እያያችሁ ሙሉ። ከእናትህ ቃል ብቻ አትሙሉ፤ ወላጆቻችን የሚወስዱትን መድኃኒት "ያቺ ቢጫዋ" ብለው ነው የሚያውቁት።

የቧንቧ ውኃ ልጅ (ደሴ)

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። ሐይቅ ዳር፣ ታሪኩን ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት፤ አንብባ ዝም አለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሟ በሚቀጥለው ቀጠሮ የግፊት መድኃኒቷን መጠን ከፍ ሊያደርግ ነው። ፎርሙ ደግሞ መጠን ተቀይሯል ወይ ይላል። ከጉዞው በኋላ ይደረግልን ብዬ ልለምነው?

ወረኢሉ (ቶሮንቶ)

ሰላም ያገሬ ልጅ። እዚሁ ከተማ ነኝ፣ ሁለቱንም ወላጆቼን በዚሁ ቪዛ አምጥቻለሁ። የማውቀውን ልዘርዝርልህ።

መጀመሪያ ስለ ቪዛው። ሰውየው የነገራችሁ ልክ አይደለም። ለሱፐር ቪዛ እናትህ የኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ ማድረጓ አይቀርም። ኢሚግሬሽን በመረጠው ሐኪም ዘንድ ቀርባ ደሟም ግፊቷም ይታያል። እዚያ የሚታየውን ነገር ኢንሹራንሱ ላይ መደበቅ ምን ይጠቅማል? ለቪዛው የሚቀርበው የፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ ማረጋገጫ ነው። ቢያንስ 100 ሺህ የካናዳ ዶላር የሚሸፍን፣ ቢያንስ ለ1 ዓመት የሚሠራ፣ የተከፈለበት መሆን አለበት። ዋጋ ተጠይቆ የተሰጠ ወረቀት ብቻ አይቀበሉም። በኪኒን የተያዘ ስኳርና ግፊት ስላላቸው ብቻ የተመለሱ ወላጆች እኔ አላጋጠሙኝም።

አሁን ወደ ዋናው። ቪዛውን የሚያስገኝ ፖሊሲና የእናትህን ስኳር የሚሸፍን ፖሊሲ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም 100 ሺህ ይላሉ። አንዱ ቀድሞ የነበረን ሕመም ጨርሶ አይሸፍንም፤ ርካሽ ነው። ሌላው ሕመሙ "የረጋ" ከሆነ ይሸፍናል። የረጋ ማለት ፖሊሲው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ለተወሰነ ጊዜ፣ እንደ ኩባንያው 90 ወይም 120 ወይም 180 ቀን፣ አዲስ ምልክት ያልታየበት፣ ሆስፒታል ያልተተኛበት፣ መድኃኒት ያልተቀየረበት፣ የሚጠበቅ ምርመራ የሌለበት ማለት ነው። መጠን መጨመር ብቻ አይደለም፤ መቀነስንም እንደ ለውጥ የሚቆጥሩ አሉ። ፖሊሲው ላይ "የረጋ" ለሚለው የሰጡትን ፍቺ አንብቡ። ሌላውን ገጽ ባታነቡ እንኳ ያንን አንብቡ።

እህትህ ገንዘቡ ከከበዳት ሕመሙን ከመደበቅ ሌላ ዋጋ የሚቀንስበት መንገድ አለ። ተቀናሹን ከፍ ማድረግ አንዱ ነው። የመጀመሪያውን የተወሰነ ዶላር እኛው እንከፍላለን ስትሉ አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ዋጋ፣ ይወርዳል። በየወሩ የሚያስከፍሉም አሉ። ቪዛው ከተከለከለ የክልከላውን ደብዳቤ አይተው ገንዘቡን የሚመልሱ ብዙ ናቸው። እናትህ ዓመቱ ሳይሞላ ወደ ደሴ ከተመለሰችና አንድም ካሳ ካልጠየቃችሁ የቀረውን ወራት የሚመልሱም አሉ። ይህን ሁሉ ሳትከፍሉ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

ስለ መድኃኒቱ መጠን እኔ ልመልስ። ሐኪሙን አታስቆሙት። እባካችሁ!

ግፊታቸው ከፍ ያለ ከሆነ ለፎርም ተብሎ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ማድረግ ለእናትየው አደጋ ነው። በረጅም በረራ ላይ ደግሞ የባሰ። ከዚያ ይልቅ ቀጠሮውን አሁኑኑ አስቀርቡት። መጠኑ ዛሬ ከተስተካከለ ቀኑ መቆጠር ይጀምራል። ወረኢሉ ያለው 90 ቀን ይሁን 180፣ ጉዞውን በዚያ ልክ ግፉት። የተወለደው ልጅ ትንሽ ቢያድግ አያቱን አይጠላም።

ቀኑን መግፋት ካልቻላችሁ ለውጡን ጽፋችሁ ኩባንያው ምን እንደሚል ጠይቁ። ግፊቱን አንሸፍንም፣ ሌላውን እንሸፍናለን ሊሉ ይችላሉ። ያንን አውቃችሁ ከሄዳችሁ ቢያንስ የትኛው ችግር ከኪሳችሁ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ።

የአረቦን ሰው (ደሴ)

ሥራዬ ኢንሹራንስ ነው። እዚሁ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ጥቂት ልበል።

ሰዉ የሚደናገረው ከአንድ ነገር የተነሳ ይመስለኛል። የኛ ወላጆች የሚያውቁት መድን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በክልላችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ናት፣ በ2003 ዓ.ም.። ወሎ ውስጥ የመድኑን ደብተር የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። ያ ደብተር ሲወጣ ማንም "ምን ያምሃል" አይልም። ቤተሰቡ በሙሉ፣ ጤነኛውም ታማሚውም አንድ ላይ ይመዘገባልና መጠየቅ አያስፈልግም። የጉዞ ኢንሹራንስ ግን ለአንድ ሰው ነው የሚሸጠው። ዋጋው በዚያ ሰው ዕድሜና ጤና ይተመናል። ስለዚህ ይጠይቃል። መልሱ ከተሳሳተ ዋጋውም ተሳስቷል፤ ውሉም ይናጋል።

አገር ቤት ለሚገዛ ፖሊሲ ሕጉ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዛሬም ይሠራል። አንቀጽ 668ን ተመልከቱ። መድን ገቢው አውቆ ከደበቀ ወይም ሐሰት ከተናገረ ውሉ ፈራሽ ነው። የደበቀው ደላላው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ግን ፎርሙ ግርጌ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? እኔ ሁልጊዜ ደንበኞቼን የምለምነው ይህንን ነው። ባዶ ፎርም ላይ አትፈርሙ። የሞላችሁትን ኮፒ ያዙ።

ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወላጆች ያላችሁ፣ ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ ነው። በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ የቆይታውን ቀን በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታልን፣ ታሞ ወደ አገር መመለስን፣ ሞት ከመጣም አስከሬን ማምጣትን ይጨምራል። እዚህም ወረኢሉ ያለው ይሠራል። ኤምባሲው የሚያየው መጠኑንና ቀኑን ነው። የአባትህ አስም ይሸፈናል ወይ የሚለውን ማየት ያንተ ሥራ ነው። የማይሸፈኑ ነገሮች የተጻፉበት ገጽ አለ። እሱን ያላሳየህ ሰው እንዳይሸጥልህ።

ካሳ የሚከለከልበት ሌላው ምክንያት ስልክ አለመደወል ነው። ካርዱ ላይ የ24 ሰዓት የዕርዳታ ቁጥር አለ። ሰው ሆስፒታል ከገባ ቤተሰቡ ወዲያው መደወል አለበት። ራሱን የሳተን ሰው መጀመሪያ አምቡላንስ ጥሩለት፤ ለኩባንያው ግን በዚያው ቀን አሳውቁ። ለቀጠሮ ሕክምና ወይም ለቀዶ ጥገና ቀድሞ ፈቃድ ካልተጠየቀ ብዙ ኩባንያ ይቀንሳል ወይ ይከለክላል። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ደረሰኝ፣ የሐኪም መውጫ ወረቀት፣ ዝርዝር ሒሳብ፣ ፓስፖርቱ ላይ የመግቢያ ማኅተም ያለበት ገጽ፣ ሁሉም ፎቶ ተነስቶ አንድ ቦታ ይቀመጥ።

ከሚሴው (ከሚሴ)

የአረቦን ሰው፣ እንዲህ ተብሎ ሲነገር ይገባኛል። ደብተሩን ያወጣሁት እኔም ነኝ፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም ነበር። ባዶ ፎርም ላይ መፈረም ግን ስንቱ ነው የሚያደርገው!

እማማ (አራዳ፣ ደሴ)

ልጆቼ፣ ልጄ እያነበበችልኝ ነው፤ የምላችሁንም እሷ ትጽፋለች። 74 ዓመቴ ነው። ወንድ ልጄ ስቶክሆልም አለ፤ ሄጄ ክረምቱን ከሱ ጋር ከርሜ መጥቻለሁ።

ሁላችሁም ስለ ወረቀት ትናገራላችሁ። ደግ ነው። እኛ ለምን እንደምንደብቅ ግን ማንም አልጠየቀም። የቅሬያችን (የዕድራችን) ሴቶች ስንሰበሰብ የምንነጋገረው ነው። ሕመማችንን ከተናገርን ልጆቻችን "በቃ እማ ትቅርብሽ፣ መንገዱ አይችልሽም" ይሉናል። የልጅ ልጃችንን ሳናይ እንሞታለን ብለን ነው ዝም የምንለው። እናትህም ደህና ነኝ ስትል እየዋሸችህ አይደለም፤ እንዳታስቀራት ፈርታ ነው። መጀመሪያ "ትሄጃለሽ፤ ስኳርሽን ብትናገሪም ትሄጃለሽ" በላት። ከዚያ ጠይቃት። ሁሉን ትነግርሃለች፤ ለሐኪሙ ያልነገረችውንም ጭምር።

ሌላው የሚያስጨንቀን ሞቱ ነው። በሰው አገር ብሞት ምን እሆናለሁ እንላለን። ልጄ ኢንሹራንሱ አስከሬን እንደሚያመጣ አንብቦ ሲነግረኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ደግሞ ጎረቤቴ ሐጃዋ የኔን ሰምታ "እኛ እዚያው ቶሎ መቀበር ነው የምንፈልገው፤ እሱንስ ይከፍላሉ?" አለችኝ። የምታውቁ መልሱልን።

ወረኢሉ (ቶሮንቶ)

እማማ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። የኔም እናት ይህንኑ ነው ያለችኝ፣ ወደ አገር ቤት ከተመለሰች በኋላ።

የአረቦን ሰው (ደሴ)

እማማ፣ ለሐጃ ይንገሩልኝ። ብዙ ፖሊሲዎች አስከሬን ወደ አገር መመለስን ወይም እዚያው መቅበርን ይሸፍናሉ፤ ለመቅበሩ ግን ጣሪያው ከመመለሱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። መመለስን ብቻ የሚሸፍንም አለ። ስለዚህ የሙስሊም ቤተሰብ ከመግዛቱ በፊት "እዚያው ብንቀብር ስንት ትከፍላላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። ደግሞ ቤተሰቡ ሳይደውል አስከሬን ካንቀሳቀሰ ወጪው ላይከፈል ይችላል። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ይህን ሊያስብ አይችልም። አንድ የተረጋጋ ዘመድ ቁጥሩን ይያዝ።

ደላንቴው (ሎንዶን)

ከእንግሊዝ በኩል ያለውን ልጨምር። ወላጅ በጉብኝት መጥቶ ሆስፒታል ከተኛ ኤንኤችኤስ የሚባለው የመንግሥት ሕክምና ነጻ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ገብቶ መታየቱ አያስከፍልም፤ አልጋ ከያዘ በኋላ ግን ከመደበኛው ተመን 150 በመቶ ያስከፍሉታል። ለቪዛው ኢንሹራንስ ስለማይጠየቅ ብዙ ሰው ሳይገዛ ያመጣል።

የኔ ጥያቄ ግን በተቃራኒው ነው። አጎቴ እዚህ ጡረታ ወጥቷል፤ ልቡ ላይ ባትሪ ተገጥሞለታል። ለመስከረም 21 ግሸን መውጣት፣ ከዚያም ለገና ላሊበላ ማክበር ይፈልጋል። እዚህ የጤና ችግር ላለበት ሽማግሌ የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፤ መደበኛው እምቢ ካለ ወደ እነሱ እንዲመሩህ ደንብ አለ። ዋጋው ከበድ ቢልም አገኘን። ችግሩ ሌላ ሆነብን። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ "አትሂዱ" ባለበት አካባቢ የሄደ ሰው ፖሊሲው አይሠራም ይላሉ። አማራ ክልል ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለውን ግጭት ታውቃላችሁ።

ሐይቅ ዳር (ቨርጂንያ)

ደላንቴው፣ እኛም ዘንድ ይኸው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ሰዉ አዲስ አበባ ድረስ ኢንሹራንስ አለው፤ ወሎ ሲገባ የለውም፤ ይህን ሳያውቅ ነው የሚሄደው። አጎትህ ማስጠንቀቂያ ባለበት ቦታም የሚሸፍን ልዩ ፖሊሲ መኖሩን ይጠይቅ። ሲገኝም የልቡ ነገር መካተቱን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ማስጠንቀቂያው ስለሚቀያየር ቲኬት ከመግዛቱ በፊትም፣ ሊነሳ ሲልም ይዩት።

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

በሕክምናው በኩል እኔ ልናገር። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ግሸን ደግሞ አቀበቱን ታውቁታላችሁ። ከሎንዶን መጥቶ በማግስቱ አቀበት መውጣት ልበ ደካማ ለሆነ ሰው አይመከርም። አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ይረፍ፤ የልብ ሐኪሙ ከመነሳቱ በፊት ይየው። የባትሪው ካርድ ኪሱ ውስጥ ይሁን። ዋናው ጥያቄ ግን ቢያመው እንዴት ይወርዳል የሚለው ነው። ፖሊሲው ሰውየውን ካለበት አንስቶ የልብ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል የማድረስ ወጪ ይሸፍናል? መንገድ ቢዘጋስ? ለዚህ መልስ ከሌለ ልጆቹ ሌላ ጊዜ ቢመክሩት ይሻላል። እመቤታችን የልቡን ታያለች።

ደላንቴው (ሎንዶን)

ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። ይህን ለሱ አነብለታለሁ።

ለሁላችሁም አንድ ነገር ላስቀምጥ። እንግሊዝ ውስጥ የተገዛ ፖሊሲ ላይ ካሳ ከተከለከላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ለኩባንያው ቅሬታ በጽሑፍ አስገቡ። 8 ሳምንት አላቸው። መልሱ ካላረካችሁ በ6 ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ቅሬታ ወደሚዳኘው ገለልተኛ ተቋም፣ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን፣ መሄድ ይቻላል፤ አያስከፍልም። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ሕግ ሆን ብሎ የዋሸንና ሳያስብ የዘለለን ሰው ይለያል። ሆን ብሎ ላልዋሸው እውነቱን ቢያውቁ ያስከፍሉት የነበረውን አረቦን አስበው በዚያ ልክ እንዲከፍሉት ሊታዘዙ ይችላሉ። እምቢታ ሁሉ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

የቧንቧ ውኃ ልጅ (ደሴ)

እማማ እንዳሉት አደረግሁ። መጀመሪያ ትሄጃለሽ አልኳት። ከዚያ ሌላ ነገር ወጣ። ሌሊት ሌሊት እግሯን እንደሚያቃጥላትና እንደሚደነዝዛት ነገረችኝ፤ ለሐኪሙ ተናግራ አታውቅም። እህቴም ከሰውየው ጋር ያለውን ነገር ተወችው። የሐኪሙን ወረቀት እስክልክላት እየጠበቀች ነው።

ሲስተር፣ ለእግሯስ ምን ላድርግ? ለመንገዱስ ምን ልያዝላት?

ሲስተር (ኮምቦልቻ)

የእግር ማቃጠልና መደንዘዝ ስኳር ነርቭ ሲነካ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ይታይ። አዲስ ምልክት ስለሆነ ማጠቃለያው ላይም ይግባ። እስከዚያ ድረስ በባዶ እግሯ አትሂድ። ማታ ማታ ጣቶቿ መሃል ቁስል መኖር አለመኖሩን እይላት፤ የደነዘዘ እግር ቢቆስልም አይሰማም።

ለመንገዱ፣ መድኃኒቷ በሙሉ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን። የሚጫነው ሻንጣ ሊዘገይም ሊጠፋም ይችላል። ኢንሱሊን ከጀመረች ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ እዚያ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ኪኒኑን ከነማሸጊያው ያዝላት፤ በላስቲክ የተቋጠረ ኪኒን ጥያቄ ያስነሳል። አየር መንገዱ ላይ ዊልቸር አስመዝግቡ። መራመድ ብትችልም አስመዝግቡ፤ ቋንቋ የማታውቅ እናት ኤርፖርት ውስጥ እንዳትጠፋ የሚመራት ሰው አብሮ ይመጣል። በረራው ላይ በየጊዜው ትነሳና ትራመድ፤ እግር ታጥፎ ሲቆይ ደም ይረጋል። ስኳሯ ከወረደ የምትበላው ተምር ወይም ከረሜላ እጇ ላይ ይኑር። ምግብ ሳትበላ የስኳር ኪኒኗን እንዳትውጥ ንገራት፤ ሰዓቱ ስለሚቀያየር እህትህ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የምትውጥበትን ሰዓት በካናዳ አቆጣጠር ትጻፍላት። ለዱዓ ተብሎም ቢሆን ጫት ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ፤ ካናዳ በሕግ የተከለከለ ነው።

የኢንሹራንሱ ካርድ፣ የዕርዳታው ስልክ ቁጥር፣ የእህትህ ስልክና የሕመሟ ስም በእንግሊዝኛ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ፓስፖርቷ ውስጥ ይግባ። ሌላ ኮፒ አንተ ጋ፣ ሌላው እህትህ ጋ ይቀመጥ። የሐኪሙን ቀጠሮ ካገኘህ ንገረኝ፤ ማጠቃለያውን ስታመጣ አብረን እናየዋለን።